ፕሮጀክተሩ ለምን ካርቶን ውስጥ ቀረ?

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ነኝ። ሦስት ፕሮጀክተርና ላፕቶፖች ተሰጥተውን ሥልጠናም ወስደናል። ከሁለት ወጣት መምህራን በቀር ግን የሚነካቸው የለም። ነባሮቹን እንዴት ላበረታታ?

መልስ፦ መጀመሪያ የንብረት ክፍሉን መዝገብ ይመልከቱ። መምህሩ ዕቃውን በስሙ ፈርሞ የሚያወጣ ከሆነ አምፖሉ ቢቃጠል ከደመወዙ እንዳይቆረጥ ይፈራል። ፊርማው ወደ አይሲቲ ቴክኒሻኑ ይዙር። ይህ ሳይስተካከል ሥልጠና መደጋገም ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው።

ቀጥሎ የ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ አለ። ሶኬት ሲፈልግና ኬብል ሲሰካ ሩቡ ካለቀበት፣ በዚያ ላይ ተማሪ ፊት ካፈረ፣ ወደ ጠመኔው ቢመለስ አይፈረድበትም። ስለዚህ ፕሮጀክተሩን አያዙሩ፤ አንድ ክፍል ውስጥ ይትከሉትና ተማሪው ይምጣ። መደበኛ ፕሮጀክተር 2 ሜትር ስፋት ያለው ምስል ለማውጣት ከግድግዳው 3 ሜትር ያህል መራቅ አለበት፤ የጠረጴዛውን ቦታ ወለሉ ላይ በቀለም ያስምሩ። መጋረጃ ሰሌዳው አጠገብ ላሉት መስኮቶች ይበቃል። ክፍሉ ሙሉ በሙሉ ከጨለመ ማስታወሻ የሚጽፍ አይኖርም።

መምህሩን የሚያሳፍሩት ብልሽቶች ጥቂት ናቸው። ላፕቶፑ በርቶ ግድግዳው ላይ ምንም ካልታየ የዊንዶውስ ቁልፍንና የ“P” ፊደልን አብሮ ተጭኖ ዱፕሊኬት (Duplicate) የሚለውን መምረጥ ነው። ቪጂኤ ኬብል ድምፅ አያሳልፍም፤ ስፒከሩ ላፕቶፑ ላይ ይሰካ። ቤት የተጻፈው አማርኛ እዚህ ምልክት ብቻ ሆኖ ከመጣ ፎንቱ ዩኒኮድ (በሁሉም ኮምፒውተር የሚነበበው የፊደል አሠራር) ያልሆነ የድሮ ዓይነት ነው፤ ፋይሉን እዚያው ቤት ፒዲኤፍ አድርጎ ማምጣት ይገላግላል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ባለ አምፖል ፕሮጀክተር ወዲያው አልበራም ቢል አልተበላሸም፤ አምፖሉ እስኪቀዘቅዝ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቅ። ማራገቢያው ሳይቆም ሶኬት መንቀል ግን የአምፖሉን ዕድሜ ያሳጥረዋል፤ በጀት ካለ መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ዩፒኤስ ይግዙ።

ነባር መምህራን በ1990ዎቹ የተጀመረውን የፕላዝማ ትምህርት አልረሱትም። ስርጭቱ ከሳተላይት ስለሚመጣ መምህሩ ሊያስቆመው አይችልም ነበር፤ በገዛ ክፍሉ ተመልካች ሆኖ ይቆማል። አሁንም “ቴክኖሎጂ ተጠቀሙ” ሲባሉ ያ ነው ትዝ የሚላቸው። ስለዚህ ሙሉ ትምህርት በቪዲዮ አይጀምሩ። ሰሌዳ ላይ ሊሳል የማይችል አንድ ነገር ይምረጡ፤ ለ10 ደቂቃ ይታይ፣ ከዚያ ፕሮጀክተሩ ጠፍቶ መምህሩ በጠመኔው ይቀጥል። ለፊዚክስ የፌት (PhET) ሲሙሌሽኖች፣ ማለትም ኮምፒውተር ላይ የሚሠሩ ሙከራዎች፣ ጥሩ ናቸው፤ አንዴ በፍላሽ ከተጫኑ ኢንተርኔት አይፈልጉም። የኤሌክትሪክ ዑደት በሚያሠራው ሲሙሌሽን ላይ ሽቦን ከባትሪው አንድ ጫፍ ወደ ሌላው በቀጥታ ሲያገናኙት ባትሪው ይነድዳል። ሾርት ምን እንደሆነ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ሁለቱን ወጣቶች አሠልጣኝ አድርገው አይሹሟቸው፤ ነባሩን ያስኮርፋል። መጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ ላፕቶፑን የሚነካው ወጣቱ፣ “አቁም፣ መልሰው” የሚለው ነባሩ ይሁን። በአንደኛው መንፈቅ ዓመት ደግሞ ጉዳዩን የሥራ አፈጻጸም ምዘና ውስጥ አያስገቡት፤ ካስገቡት ፕሮጀክተሩ የሚበራው እርስዎ ለምልከታ ሲገቡ ብቻ ነው።