ያው ፊት፣ ሌላ ዜማ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከጓደኞቼ ጋር ልጇ አዲስ አበባ ሄዶ ስለቀረባት አንዲት የመንዝ እናት አጭር ፊልም እየሠራን ነው። እናቲቱ ያለ አንዳች ቃል የበግ ጠጉር ስትፈትል የምትታይበትን ቦታ በመሰንቆ ትዝታ አጅበን ለጎረቤት ስናሳይ፣ እንባ ያልተናነቀው አልነበረም። ያንኑ ምስል በኪቦርድ በተሠራ ወፍራምና ዝግ ያለ ድምፅ ስናጅበው ግን «ይህች ሴትዮ ክፉ ነገር ሳታስብ አትቀርም» አሉን። ፊቷ ያው ሆኖ ሳለ ለምን ሌላ ሰው ሆነችባቸው? በመሰንቆው ፋንታ በገና ብናደርግስ?
አንባቢ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ዝም ያለ ፊት ሐዘንም፣ ቂምም፣ ድካምም ሊሆን ይችላል፤ ተመልካች ከእነዚህ አንዱን የሚመርጠው በአብዛኛው በጆሮው ነው። መሰንቆ በደጋን የሚመታ አንድ የፈረስ ጭራ አውታር ብቻ ስላለው፣ ድምፁ እንደ ሰው ጉሮሮ ከአንዱ ኖታ ወደ ሌላው እየተንሸራተተ ይሄዳል፤ በዚያ ላይ ትዝታ የተባለው ቅኝት ከልጅነታችን ጀምሮ የሰማነውን ናፍቆት ሁሉ አስከትሎ ስለሚገባ፣ ጎረቤቶችዎ ሴትዮዋን ገና ሳያውቋት አዘኑላት። ወፍራሙ ድምፅ ደግሞ «አንድ ነገር ሊመጣ ነው» እያለ ስለሚያስጠብቅ፣ ያው ዝምታዋ የተሸሸገ ሐሳብ መሰለ።

እ.ኤ.አ. በ1975 ለእይታ የበቃውን «ጆውስ» የተባለ፣ ሰው ስለሚበላ ሻርክ (ትልቅ የባሕር ዓሣ) የሚተርክ ፊልም ያስታውሱ። የሙዚቃው ደራሲ ጆን ዊሊያምስ ለሻርኩ የሰጠው መነሻ ሁለት ኖታ ብቻ ሲሆን፣ እነዚያ ድምፆች እየፈጠኑ ሲመጡ አውሬው ለዓይን ሳይታይ መቅረቡን እናውቃለን። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ልጆች የውሸት የሻርክ ክንፍ ይዘው ዋናተኞችን የሚያስደነግጡበት ቦታ ነው፤ እዚያ ያ ዜማ አይሰማም። ዜማው የሻርኩ ነውና ባለቤቱ በሌለበት አይገባም። እርስዎም መሰንቆውን ለእናቲቱ ብቻ ይስጧት እንጂ ባዘነ ሰው ሁሉ ላይ አይበትኑት። ልጁ አዲስ አበባ ታክሲ ሲጠብቅ ከእርሷ ዜማ ሦስት አራት ኖታ ብቻ ቢሰማ፣ ማንን እንዳሰበ ቃል ሳይወጣው እንረዳለን።

በገናውን ግን እዚህ ቦታ ላይ እንዳያስገቡት አጥብቄ እመክራለሁ። አሥሩ አውታሮች በእንዚራው (በአውታሮቹና በመቆሚያቸው መካከል በሚገባው ቁራጭ ቆዳ) ምክንያት የሚያሰሙት እርግብግብ ድምፅ በእኛ ጆሮ ከጸሎትና ከዐቢይ ጾም ጋር የተጋመደ ስለሆነ፣ ናፍቆቷን ወደ ንስሐ ይለውጠዋል፤ ተመልካቹም ልጁ የሞተ ሊመስለው ይችላል። ምሽት ላይ ስለ ልጇ የምትጸልይበት ቦታ ካለ ግን ተገቢ ስፍራው ያ ነው።

ከመወሰንዎ በፊት ምስሉን ያለ ሙዚቃም ይዩት። የፊልም ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1960 «ሳይኮ» የተባለውን አስፈሪ ፊልም ሲሠራ የመታጠቢያ ቤቱ ግድያ ያለ ሙዚቃ እንዲሆን ፈልጎ ነበር፤ የሙዚቃው ደራሲ በርናርድ ኸርማን ለቫዮሊንና ለዘመዶቹ ብቻ የደረሰውን ከሰማ በኋላ ነው ሐሳቡን የለወጠው። ለእናንተ ፊልም ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ የሚበቃ ይመስለኛል፦ መጀመሪያ የእንዝርቱ መሽከርከርና የመንዝ ንፋስ ብቻ ይሰማ፤ ክሩ ተበጥሶ እጇ ሲቆም መሰንቆው ይግባ።