«እሱ እንዲህ አይልም!»

ጥያቄ፦ በቴሌቪዥን ድራማ ላይ የተለያዩ ሁለት ፍቅረኞችን በደብተሬ አስታርቄ ጻፍኩ። ደብተሩ በጓደኞቼ እጅ ዞረ። አንዷ አለቀሰች። ሌላዋ ግን ዳር ዳሩን በቀይ እስክርቢቶ «እሱ እንዲህ አይልም!» ብላ ሞልታ መለሰችልኝ። ልተወው?
(ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! ባለ ቀይ እስክርቢቶዋንም እንዳትለቂያት። የላክሽልኝን ገጽ አነበብኩት። ድራማው ላይ ሦስት ቃል ለመናገር የሚያልበው ሰውዬ፣ አንቺ ጋ ሲደርስ ገጹን ሙሉ «የኔ ማር» ይላል። እኔም የቡሬ ልጅ ነኝ፤ አባቴ እናቴን እንዲህ ሲላት ሰምቼ አላውቅም። ከገበያ ሲመለስ ግን ከጋቢው ጫፍ ፈትቶ የሚያወጣት አንዲት ብርቱካን የእሷ ነበረች። ለሰውዬሽ እንዲህ ያለ ነገር ስጪው።

ነገሩ ደግሞ አዲስ አይደለም። በ1967 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ «ስታር ትሬክ» የተባለ የቴሌቪዥን ድራማ አፍቃሪዎች፣ እንዳንቺው በድራማው ሰዎች ላይ የጻፉትን ታሪክ ጭምር የያዘች «ስፖካናሊያ» የምትባል መጽሔት በራሳቸው አውጥተዋል። በዚያ ዘመን የአንባቢ አስተያየት የሚመጣው በፖስታ ነው። አንቺ በማግስቱ ነው የደረሰሽ፣ ያውም በቀይ!

አልቃሿን የቱ መስመር ላይ እንዳለቀሰች ጠይቂያት። እኔን ሆዴን ያባባኝ ጃንጥላውን ትቶላት የሄደበት ቦታ ነው።