በርሊን ላይ የፍሪላንስ መኖሪያ ፈቃድ፦ ለጠየቅሽው

እህቴ፣ «አዲስ አበባ ሆኜ ግራፊክ ዲዛይን እሠራለሁ፤ በቱሪስት ቪዛ በርሊን ገብቼ እዚያው የፍሪላንስ ፈቃድ ማውጣት እችላለሁ? ባንክ ላይስ ስንት ቢኖረኝ ይበቃል?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ እዚሁ በርሊን በአስተርጓሚነት የምኖረው በዚሁ ፈቃድ ስለሆነ የማውቀውን ልጻፍልሽ።

የቱሪስት ቪዛውን ነገር እርሺው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ከመነሳቱ በፊት አዲስ አበባ ካለው የጀርመን ኤምባሲ ለዚሁ ሥራ የሚሰጠውን የረጅም ጊዜ ቪዛ ማውጣት አለበት። «እገሌ ገብቶ እዚያው ቀየረ» ሲሉሽ የእገሌ ፓስፖርት የየት እንደሆነ ጠይቂ። የአሜሪካ ወይም የእስራኤል ዜጋ ያለ ቪዛ ገብቶ ከውስጥ ማመልከት ይችላል፤ ብዙው ወሬ የሚመጣው ከነሱ ነው።

የባንክ ገንዘብ ይረዳል፣ ብቻውን ግን የትም አያደርስሽም። የኛ ፈቃድ የሚሰጠው በጀርመን የመኖሪያ ሕግ አንቀጽ 21 ንዑስ አንቀጽ 5 ነው። የሚመረምሩት ከሥራሽ በሚገኘው ገቢ ራስሽን ችለሽ መኖር መቻልሽን ነው። ስለዚህ ከሁሉም በላይ የምትደክሚበት ወረቀት የደንበኛ ደብዳቤ ይሁን። «ከእሷ ጋር መሥራት ደስ ይለናል» የሚል ደብዳቤ ለምስጋና እንጂ ለማስረጃ አይሆንም። «ከመስከረም ጀምሮ በወር ወደ 20 ሰዓት፣ በሰዓት 45 ዩሮ፣ ለብሮሹርና ለድረ ገጽ ዲዛይን» ብሎ ሥራውን፣ ሰዓቱንና ክፍያውን የሚዘረዝር ይሁን። ቢያንስ ሁለቱ ከጀርመን ደንበኞች ቢሆኑ ጥሩ ነው። ሁሉም ደንበኞችሽ አዲስ አበባና ዱባይ ካሉ፣ ጀርመን መኖር ለምን እንዳስፈለገሽ ማስረዳት ይከብድሻል።

የሥራሽ ዓይነትም ወሳኝ ነው። ጀርመን የነፃ ሙያን ከንግድ ለይታ ነው የምታየው። ዲዛይነር፣ ተርጓሚ፣ ጋዜጠኛ፣ መሐንዲስ ነፃ ሙያ ነው። ዲዛይንሽን ቲሸርት ላይ አትመሽ መሸጥ ከጀመርሽ ግን ያኛው ንግድ ነው፤ መመዘኛውም ሌላ ነው። ማመልከቻሽ ላይ ሁለቱን አትደባልቂ። ዕድሜሽ ከ45 በላይ ከሆነ ደግሞ የጡረታ ዋስትና ማስረጃ ይጠየቃል።

እዚህ ከደረስሽ በኋላ ሁሉም ነገር የሚጀምረው ከአድራሻ ነው። ቤት በገባሽ በሁለት ሳምንት ውስጥ መመዝገብ አለብሽ፤ ለዚያ አከራዩ የፈረመበት ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ክፍል ስትፈልጊ «ምዝገባ የለም» የሚል ማስታወቂያ ካየሽ፣ ምንም ያህል ርካሽ ቢሆን እለፊው። ከተመዘገብሽ በኋላ የግብር መለያ ቁጥርሽ በፖስታ ይመጣል። ፖስተኛው የሚያየው ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ስም ነው። እኛ ሐበሾች የራሳችንን ስም ለጥፈን ቁጭ እንላለን፣ ደብዳቤው ግን ፓስፖርት ላይ በቤተሰብ ስም ቦታ በተጻፈው በአባት ወይም በአያት ስም ይመጣና ተመላሽ ይሆናል። ሁለቱንም ጻፊ።

ኢንሹራንስ ላይ አትቆጥቢ። የጉዞ ኢንሹራንስ ለመኖሪያ ፈቃድ አይቀበሉም። አንቺ ዲዛይነር ስለሆንሽ ካኤስካ ለሚባለው የአርቲስቶች ማኅበራዊ ዋስትና አመልክቺ። ከተቀበሉሽ የጤናና የጡረታ መዋጮሽን ግማሽ ያህል ብቻ ነው የምትከፍይው። እኔ እዚያ መግባት አልችልም፤ ቀናሁብሽ! ጥቅሙ ደግሞ በኋላ ነው የሚታየው፦ ከ5 ዓመት በኋላ ቋሚ መኖሪያ ስትጠይቂ የ60 ወር የጡረታ መዋጮ ወይም ተመጣጣኝ ማስረጃ አምጪ ይሉሻል። ብዙ ፍሪላንሰር ሳያስብበት ቆይቶ የሚደነግጠው እዚያ ጋ ነው።

«183 ቀን ካልተቀመጥሽ ፈቃዱ ይሰረዛል» ያለሽ ሰው የግብርን ጉዳይ ከፈቃድ ጋር አደባልቆብሻል። ለግብር ከሆነ፣ ግብር ከፋይ ለመባል እዚህ የምትኖሪበት ቤት መኖሩ ብቻ ይበቃል። ለፈቃዱ ግን ከ6 ወር በላይ ከአገር ወጥተሽ ከቆየሽ በራሱ ጊዜ ይቃጠላል። ቤተሰብ ለማስታመምም ሆነ ለሥራ አዲስ አበባ ረዘም ብለሽ መቆየት ካለብሽ፣ ከመውጣትሽ በፊት የውጭ ዜጎች ቢሮ ጊዜውን እንዲያራዝምልሽ በጽሑፍ ጠይቂና መልሱን ይዘሽ ውጪ።

የደንበኛ ደብዳቤ ናሙና ከፈለግሽ ኢንቦክስ አድርጊልኝ፤ ስሞቹን አጥፍቼ እልክልሻለሁ።