ለማድያት ሌዘር ቅድሚያ ከመክፈልሽ በፊት

እህታችን፣ ሁለተኛ ልጅሽን ከወለድሽ በኋላ ጉንጭሽ ላይ ማድያት እንደወጣብሽ፣ እዚሁ ባሕር ዳር አንድ የቆዳ ውበት ክሊኒክ ስድስት ዙር ሌዘር በቅድሚያ ክፍያ እንዳቀረበልሽ ገልጸሽ፣ «ልክፈል ወይስ ይቅርብኝ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ሐኪም አይደለሁም፤ ነገር ግን በዚሁ ማድያት ሦስት ዓመት ስለተንገላታሁ ያየሁትን ልንገርሽ። መልሴ ባጭሩ «ገና አትክፈይ» የሚል ነው።

እኔ የጀመርሁት ከሌዘርም በባሰ ነገር ነበር። ከአንድ የመዋቢያ ዕቃ ሱቅ ምንም ጽሑፍ በሌለው ነጭ ብልቃጥ ቅልቅል ክሬም ገዛሁ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ፊቴ ከመጥራቱ የተነሣ የሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ «ምን ተቀብተሽ ነው?» ይሉኝ ነበር፤ በሦስተኛው ወር ግን ጉንጬ ላይ ቀጫጭን ቀይ የደም ሥሮች ታዩ፣ አገጬን ብጉር የመሰለ ሽፍታ ወረረው፣ ክሬሙን ልተወው ስል ደግሞ ምድጃ ሥር የተቀመጥሁ ያህል ያቃጥለኝ ጀመር። በኋላ ያየችኝ የቆዳ ስፔሻሊስት እንደነገረችኝ፣ እንዲህ ያሉ ቅልቅሎች ብዙውን ጊዜ እንደ ክሎቤታሶል ያለ ኃይለኛ ስቴሮይድ (የቆዳ ብግነት ማስታገሻ መድኃኒት) አለባቸው፤ ፊት ላይ ሲሰነብት ቆዳን ያሳሳል። ማድያቱም ከበፊቱ ጠቁሮ ተመለሰ።

ሐኪሟ መድኃኒት ከማዘዟ በፊት የሰዓት ሠሪ አጉሊ መነጽር በመሰለች መሣሪያ ጉንጬን ከዳር እስከ ዳር አየች፤ የወሊድ መከላከያ እወስድ እንደሆነ፣ እርግዝና አስቤ እንደሆነ፣ ፀሐይ ላይ ስንት ሰዓት እንደምውል ጠየቀችኝ። እርግዝናና የሆርሞን መከላከያ ማድያትን ያስነሣሉ፤ ለማድያት የሚታዘዘው ትሬቲኖይን የተባለ ቅባት ደግሞ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። አንቺም እያጠባሽ ከሆነ ሳትጠየቂ ተናገሪ። ያ ክሊኒክ ከእነዚህ አንዱን እንኳ ሳይጠይቅ ዋጋ ነግሮሽ ከሆነ፣ እኔ ብሆን ተመልሼ አልሄድም።

ሌዘርን በተመለከተ፣ ብርሃኑን የሚውጠው የቆዳችን ቀለም ራሱ ስለሆነ ጠይም ቆዳ በቀላሉ ይቃጠላል፣ ቃጠሎውም ሲድን ጥቁር ጠባሳ ይተዋል። የ1064 ናኖሜትር መሣሪያ (ቁጥሩ የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት ነው) ብርሃኑ ጠልቆ ስለሚያልፍ ለእኛ ዓይነቱ ቆዳ የተሻለ ነው፤ ቢሆንም ለማድያት የመጀመሪያ ሕክምና አይደለም፣ ማድያቱ ከጠፋም በኋላ ብዙውን ጊዜ ይመለሳል። ግድ ካልሽ የመሣሪያውን ዓይነት ጠይቂ፣ መጀመሪያም መንጋጋሽ ጠርዝ ላይ በትንሹ እንዲሞክሩትና ጥቂት ሳምንታት እንዲጠብቁ አድርጊ።

እኔን የረዳኝ በሐኪም ትእዛዝ ለተወሰኑ ወራት ብቻ የተቀባሁት ሃይድሮኪኖን የተባለ የቆዳ ጥቁረት መቀነሻ ቅባትና የፀሐይ መከላከያ ክሬም ነው። ሃይድሮኪኖን ያለ ክትትል ለዓመታት ከተቀቡት ራሱ ቆዳን ሰማያዊ ጥቁር ሊያደርግ ይችላል። ከተማችን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የጣና ውኃም ፀሐዩን መልሶ ፊት ላይ ይረጨዋል። ስለዚህ መከላከያው ኤስፒኤፍ (ፀሐይ የመከላከል አቅሙ መለኪያ) 30 ወይም ከዚያ በላይ፣ ቢቻል የብረት ኦክሳይድ ያለበት ባለቀለም ይሁን፤ የሚታየው ብርሃንም ማድያትን ያብሳልና። ውጭ ከዋልሽ በየሁለት ሰዓቱ ድገሚው። ዋጋው እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ የእናቶቻችን ጃንጥላ ግን ዛሬም ይሠራል፣ እኔ ያለ እርሱ ከቤት አልወጣም።

ከማድያቱ ሌላ ፊትሽ ላይ ለሳምንታት ያልዳነ እብጠት ወይም ቁስል ካለ ደግሞ ውበት ቤት አታስነኪው። በደጋማው አገራችን ቁንጭር የሚባል የቆዳ በሽታ አለ፤ የአሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈው ሲሆን የራሱ መድኃኒት አለው። የአንድ ዘመዴን «ብጉር ነው» ብለው ሁለት ጊዜ ጨመቁት፤ የኋላ ኋላ ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ቁንጭር ሆኖ ተገኘ።

ሐኪም ዘንድ ስትሄጂ እስካሁን የተቀባሻቸውን ሁሉ፣ ባዶ ቱቦና ስም የሌለው ብልቃጥም ቢሆን፣ በፌስታል ይዘሽ ሂጂ፤ የእኔዋ ሐኪም ከጠየቀችኝ ሁሉ አስቀድማ የጠየቀችኝ እርሱን ነበር፣ እኔ ግን ጥዬው ነበር።