የፕሬዚዳንቱ ብዕር ከየት መጣ? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ይሠራ የነበረ አንባቢ በምሬት ጽፏል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የነበሩት ባይደን ኢትዮጵያን ከአጎዋ (የአፍሪካ አገሮች ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ ከሚፈቅደው ሕግ) ያስወጧት በአንድ ፊርማ ነው፤ ታዲያ «ሥልጣን በሦስት ተከፍሏል»፣ ለሕግ አውጪ፣ ለሕግ አስፈጻሚና ለሕግ ተርጓሚ፣ የሚባለው ወሬ ነው ወይ?

ብዕሩን ለፕሬዚዳንቱ የሰጠው ሕግ አውጪው ኮንግረስ ራሱ ነው። አጎዋ በ2000 (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የወጣ ሕግ ሲሆን፣ ፕሬዚዳንቱ ተጠቃሚ አገሮችን በየዓመቱ እንዲመረምርና መስፈርቱን የማያሟላውን እንዲሰርዝ ያዛል። የሰብአዊ መብት አያያዝም ከመስፈርቶቹ አንዱ ነው። ባይደን በኖቬምበር 2021 በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት የከፋ የመብት ጥሰት ተፈጽሟል ብለው ለኮንግረስ አስታወቁ፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያ ወጣች። ፕሬዚዳንት ፈረመ ሲባል፣ ሰነዱ መግቢያው ላይ የትኛውን ሕግ እንደጠቀሰ ይመልከቱ። የሚደገፍበት ሕግ ሲጠፋስ? በ1952፣ በኮሪያ ጦርነት መሐል፣ የብረት ሠራተኞች ሥራ ሊያቆሙ ሲሉ ፕሬዚዳንት ትሩማን ፋብሪካዎቹን መንግሥት እንዲይዛቸው አዘዙ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 ሻረው፤ ፋብሪካዎቹም ለባለቤቶቻቸው ተመለሱ።

ኮንግረስ የሰጠውን መልሶ ሊወስድ ይችላል። ግን መውሰጃውም ሕግ ስለሆነ ፕሬዚዳንቱ አልፈርምም ብሎ ሊመልሰው ይችላል፤ ያን ጊዜ በሁለቱም ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። ሲሰጥ በተራ አብላጫ፣ ሲወስድ በሁለት ሦስተኛ። ክፍፍሉ የሚያዘነብለው እዚህ ላይ ነው።

ለዜግነት ፈተና የሚያጠኑ እናት፦ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች ስንት ናቸው?

ዘጠኝ። ከ1869 ጀምሮ።

ሜሪላንድ ያለ ወንድም የጥገኝነት ጥያቄው በኢሚግሬሽን ዳኛ ውድቅ ሆኖበታል። ጓደኛው «ዳኛ ነጻ ነው፣ ፕሬዚዳንቱ አያዘውም» ብሎ አጽናንቶታል።

ጓደኛዎ ደግ ሰው ነው፤ ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። የኢሚግሬሽን ዳኛ ካባ ቢለብስም የፍትሕ ሚኒስቴሩ ሠራተኛ፣ ማለትም የሕግ አስፈጻሚው አካል ነው። ይግባኙን የሚያየው ቦርድም እዚያው ሥር ነው፤ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ የቦርዱን ውሳኔ ወደ ራሱ ወስዶ ሊለውጥ ይችላል። ጉዳይዎ ለሕግ ተርጓሚው የሚደርሰው ቦርዱ ከወሰነ በኋላ ነው፤ ያኔ በ30 ቀን ውስጥ ለፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ማመልከት ይቻላል። የሚቆጠረው ማመልከቻው ፍርድ ቤት የደረሰበት ቀን እንጂ ፖስታ ቤት የገባበት አይደለም። ማመልከቱ ብቻውን መባረርን አያስቆምም፤ እግድ ለብቻው ይጠየቃል። ለቦርዱ ይግባኝ የሚባልበት ቀን ገደብ እጅዎ ላይ ባለው የውሳኔ ወረቀት ስላለ አሁኑኑ ያንብቡት። ከዚያ ጠበቃ ዘንድ ይሂዱ፤ ፈቃድ ያለው ጠበቃ እንጂ ፎርም ሞይ አይደለም። እለምንዎታለሁ፤ ይሂዱ።

ግሪን ካርዱ የዘገየበት የዋሽንግተን ዲሲ ነዋሪ፦ ለሴናተሬ ልጻፍ?

ዲሲ ሴናተር የለውም። በተወካዮች ምክር ቤት ድምፅ የሌለው አንድ ተወካይ ግን አለ፤ ቢሮው ይጠይቅልዎታል። ድረ ገጹ ላይ ያለውን የግል መረጃ ፈቃድ ቅጽ ፈርመው ከጉዳይ ቁጥርዎ ጋር ይላኩ፤ ያለ ፊርማ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ስለ እርስዎ አይናገርም። ቢሮው ይጠይቃል እንጂ ማዘዝ አይችልም። ካልሆነ ጠበቃ ያማክሩ።

የመጨረሻው፦ ፕሬዚዳንቱ የመጣለትን ሕግ ሳይፈርም ሳይመልስ ዝም ቢለውስ?

እሑድ ሳይቆጠር 10 ቀን ሲያልፍ ያለ ፊርማ ይጸድቃል። በመካከሉ ኮንግረስ ከተበተነ ግን ሕጉ ይሞታል፤ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ማስነሣትም የለም፣ ከሀ መጀመር ነው።