የአንባብያን ጥያቄዎች፦ ፓተንት የሚጠብቀው ምኑን ነው?

በፕላስቲክ፣ በብሎን ማሰሪያ ፈሳሽና በመድኃኒት ውህዶች ላይ ስለሚሰጡ ፓተንቶች ከደረሱን ጥያቄዎች አምስቱን መርጠን መልስ ሰጥተንባቸዋል። ከኢትዮጵያው አዋጅ ቁጥር በቀር ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። አንድ መድኃኒት በአንዱ አገር ፓተንቱ አልቋል፣ በሌላው ገና ነው ሲባል እሰማለሁ። ንጥረ ነገሩ አንድ ሆኖ ሳለ ይህ እንዴት ይሆናል? ጄኔሪኩን «ቅጂ ነው» ብለው የሚጠራጠሩ ደንበኞችንስ ምን ልበላቸው?

መልስ፦ ፓተንት ለአንድ ንጥረ ነገር በዓለም ዙሪያ አንድ ጊዜ የሚሰጥ የባለቤትነት ደብተር አይደለም። እያንዳንዱ አገር በራሱ ሕግ መርምሮ፣ በራሱ ድንበር ውስጥ ብቻ፣ ለተወሰነ ዘመን የሚሰጠው ሌሎችን የመከልከል መብት ነው። የሚከለከለውም በጥቅሉ «መድኃኒቱ» ሳይሆን፣ በማመልከቻው ውስጥ የመብት ወሰን በተባለው ክፍል በቃላት የተከለለው ነገር ነው። ውህዱ ራሱ፣ የሚሠራበት ዘዴ፣ ሲጠጥር የሚይዘው የክሪስታል ቅርጽ፣ ከምን ጋር ተቀምሞ ክኒን እንደሚሆን፣ ለየትኛው በሽታ እንደሚውል፣ እያንዳንዱ ለብቻው ፓተንት ሊጠየቅበት ይችላል።

የአስፕሪን ታሪክ ይህን በግልጽ ያሳያል። አሴቲልሳሊሲሊክ አሲድ የተባለውን ውህድ ኬሚስቱ ሻርል ጌርሃርት በ1853 ባልጠራ መልኩ ሠርቶት ነበር፤ ከእርሱ በኋላ የመጡ ኬሚስቶችም አሻሽለውታል። በባየር ኩባንያ ይሠራ የነበረው ፌሊክስ ሆፍማን በ1897 ንጹሕና ለሕክምና የሚሆን አድርጎ ባዘጋጀው ጊዜ፣ ኩባንያው በየአገሩ ፓተንት ጠይቆ የተለያየ መልስ አገኘ። በጀርመን ውህዱ አዲስ አይደለም ተብሎ ተከለከለ። በብሪታንያ ከተሰጠ በኋላ በ1905 በፍርድ ቤት ተሻረ። በአሜሪካ ግን በ1900 ተሰጠ፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በ1910፣ ከዚያ በፊት የነበረው ያልጠራ መሆኑንና መድኃኒት ያደረገው የሆፍማን ሥራ መሆኑን አምኖ አጸናው። በዚህ ምክንያት እስከ 1917 ድረስ ያለ ባየር ፈቃድ ውህዱን በአሜሪካ የሚሠራ ሰው ይከሰስ ነበር፤ በጀርመን ግን ውህዱን መሥራት ለማንም ክፍት ነበር።

ወደ እኛ ዘመን ስንመጣ ኢማቲኒብ አለ፤ ሥር ለሰደደ አንድ የደም ካንሰር ዓይነት የሚሰጥ መድኃኒት ነው። ሕንድ ከ1970ው የፓተንት ሕጓ እስከ 2005 ድረስ ለመድኃኒቶች የሥራ ዘዴን እንጂ ውህዱን ራሱን ፓተንት አትሰጥም ነበር። የመድኃኒቱ ባለቤት የሆነው ኖቫርቲስ የተባለ ኩባንያ በ1998 በሕንድ ያመለከተው ስለ ኢማቲኒብ በጠቅላላው ሳይሆን ስለ አንድ የክሪስታል ቅርጹ ነው። በ2005 የተሻሻለው ሕግ፣ የታወቀ ንጥረ ነገር አዲስ መልክ ፓተንት የሚያገኘው ውጤታማነቱ ጎልቶ ሲጨምር ብቻ ነው ይላል። ኩባንያው አዲሱ ቅርጽ በሰውነት ውስጥ ይበልጥ እንደሚሰርጽ አሳየ፤ የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን ሚያዝያ 1 ቀን 2013 በሰጠው ውሳኔ፣ ውጤታማነት ማለት የማዳን ኃይል እንደሆነና የስርጸት መጨመር ብቻውን ይህን እንደማያረጋግጥ ገልጾ ጥያቄውን ውድቅ አደረገው። በአሜሪካ ጄኔሪኩ ገበያ የገባው በየካቲት 2016 ሲሆን፣ የሕንድ ፋብሪካዎች ከዚያ ከብዙ ዓመታት በፊት ያመርቱት ነበር። በእኔ አመለካከት የሕንዱ ፍርድ ትክክለኛውን ጥያቄ ጠይቋል፤ ሕመምተኛው ምን ተጨማሪ ጥቅም አገኘ?

ለደንበኞችዎ ደግሞ እንዲህ ሊሏቸው ይችላሉ፦ ጄኔሪክ መድኃኒት የፓተንቱ ዘመን ካለፈ በኋላ ወይም ፓተንት በሌለበት አገር በሕግ የሚመረት፣ ፈዋሽ ንጥረ ነገሩና መጠኑ ከመጀመሪያው ጋር አንድ የሆነ መድኃኒት ነው። ፎርጅድ መድኃኒት ግን ማን እንደሠራውና ምን እንደያዘ በውሸት የሚናገር ነው። ይህን የሚያጣራው የፓተንት መሥሪያ ቤት ሳይሆን የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ምዝገባ ነው።

ጥያቄ፦ የኬሚካል ምሕንድስና ተማሪ ነኝ። ፖሊፕሮፒሊንን የፈጠረው ጣሊያናዊው ናታ ነው ብለን ተምረናል። የፓተንቱ ባለቤት ግን አንድ የአሜሪካ የነዳጅ ኩባንያ እንደሆነ አነበብኩ። የትኛው ነው እውነቱ?

መልስ፦ ሁለቱም፤ ምክንያቱም የሳይንስ ክብርና የሕግ መብት በተለያዩ ሚዛኖች ይመዘናሉ። በ1951 በኦክላሆማ፣ በፊሊፕስ ፔትሮሊየም ይሠሩ የነበሩት ፖል ሆጋንና ሮበርት ባንክስ ከፕሮፒሊን ጋዝ ቤንዚን ለመሥራት ሲሞክሩ ያልጠበቁት ነጭ ጠጣር ነገር አገኙ። ጁሊዮ ናታ በሚላኖ የጀርመናዊውን ኬሚስት የካርል ሲግለርን ማነቃቂያ (የኬሚካል ምላሽን የሚያፋጥን ንጥረ ነገር) ተጠቅሞ ፖሊፕሮፒሊን የሠራው በ1954 ሲሆን፣ የሞለኪውሉን ሥርዓት ያለው አደራደር በጥልቀት ያስረዳው እርሱ ነው። የ1963ቱን የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማትም ከሲግለር ጋር ተካፍሏል።

በአሜሪካ ያኔ የነበረው ሕግ ግን የሚጠይቀው ማን ቀድሞ አመለከተ ወይም ማን በደንብ አስረዳ ሳይሆን ማን ቀድሞ ፈጠረ የሚለውን ነበር። ይህን ለመለየት በ1958 አምስት ኩባንያዎች የገቡበት ክርክር ተከፈተ። የፓተንት ቢሮው ቦርድ በ1971 የናታን ምርምር ይደግፍ ለነበረው ለጣሊያኑ ኩባንያ ለሞንቴካቲኒ ፈረደ፤ በ1980 ደግሞ በዴላዌር የሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ውሳኔውን ገልብጦ ለፊሊፕስ ሰጠው። ክርክሩ የዞረው በአንዲት የመብት ወሰን ላይ ነው፤ እርሷም በጥቅሉ «ጠጣር የሆነና ከፍተኛ የክሪስታል ይዘት ያለው ፖሊፕሮፒሊን» የምትል ነበረች። የማነቃቂያውን ዓይነትም ሆነ የሞለኪውሉን ንድፈ ሐሳብ አልጠየቀችም። ሆጋንና ባንክስ የእጃቸው ሥራ ምን ዓይነት የሞለኪውል አደራደር እንዳለው ባያብራሩም፣ ነገሩን ይዘውት ነበር፤ ያም በቂ ሆነ።

ፓተንቱ በመጨረሻ በመጋቢት 1983 ወጣ። ዘመኑ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ 17 ዓመት ይቆጠር ስለነበር፣ በ1951 የተገኘ ፕላስቲክ በአሜሪካ እስከ 2000 ድረስ ባለ መብት ነበረው። ጠበቆቹም ከኬሚስቶቹ ያነሰ አልተጠቀሙም። ዛሬ ዘመኑ ካመለከቱበት ቀን ጀምሮ 20 ዓመት ሲሆን፣ ከመጋቢት 2013 ወዲህም አሜሪካ እንደ ሌላው ዓለም ቀድሞ ላመለከተው ትሰጣለች። እኛ «ማዳበሪያ» የምንለው የእህል ከረጢት የሚሸመነው ከዚሁ ከፖሊፕሮፒሊን ነው።

ጥያቄ፦ አዳማ ጋራዥ አለኝ። ብሎን እንዳይላላ የምናደርገው ቀዩና ሰማያዊው ፈሳሽ ጠርሙሱ አዲስ ሆኖም ሙሉ አይደለም። እየተጭበረበርን ነው? በሌላ ስም የሚሸጡት ርካሾቹስ ሕጋዊ ናቸው?

መልስ፦ አልተጭበረበሩም፤ ባዶው ቦታ የምርቱ አካል ነው። ይህ ፈሳሽ አየር እስካገኘ ድረስ አይደርቅም። ብሎኑና ዳዶው ሲጠብቁ በጥርሶቻቸው መካከል አየር ይጠፋል፤ ብረቱም ምላሹን ያፋጥነዋል፤ ያን ጊዜ ፈሳሹ ወደ ጠንካራ ፕላስቲክ ይለወጣል። ጠርሙሱ ኦክስጅን ከሚያሳልፍ ፖሊኢቲሊን የሚሠራውና እስከ አፉ የማይሞላው ፈሳሹ በውስጡ እንዳይጠጥር ነው። ዚንክ በተቀባ ወይም በማይዝግ ብረት ላይ ቀስ የሚለው፣ ፕላስቲክ ላይ ደግሞ በደንብ የማይዘው ምላሹን የሚያፋጥነው ብረት ስለሚያንስ ወይም ስለሌለ ነው። ቀዩ አብዛኛውን ጊዜ የጠነከረው ዓይነት ስለሆነ፣ ለመፍታት ብሎኑን እስከ 250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ማሞቅ ይጠይቃል።

የዚህ ፈሳሽ ፈጣሪ በአሜሪካ፣ በሃርትፎርድ፣ ኮነቲከት፣ የትሪኒቲ ኮሌጅ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩት ቨርነን ክሪብል ናቸው። በጄኔራል ኤሌክትሪክ ቀደም ብሎ የተገኘ ተመሳሳይ ፈሳሽ ነበር፤ እንዳይጠጥር ግን ያለማቋረጥ አየር እንዲነፋበት ስለሚያስፈልግ ለገበያ አልሆነም። ፕሮፌሰሩ ስለ ችግሩ የሰሙት በዚያ ኩባንያ ይሠራ ከነበረው ከልጃቸው ሲሆን፣ በ1953 ሃይድሮፔሮክሳይድ የተባለውን የኬሚካል ዓይነት በመጨመር ፈሳሹ በመደርደሪያ ላይ እንዲቆይ አደረጉ። በ1959 የተሰጣቸው የአሜሪካ ፓተንት ቁጥር 2,895,950 ነው። ትልቁ ብልሃት ያለው በማጣበቁ ሳይሆን ሰው እስኪፈልገው ድረስ ሳይጠጥር እንዲቆይ በማድረጉ ስለሆነ፣ ከዚህ ዓምድ ፈጠራዎች ሁሉ እኔ የማደንቀው ይህንን ነው።

ያ ፓተንት ካበቃ ብዙ አሥርተ ዓመታት ስለተቆጠሩ፣ በመጀመሪያው ቅመም መሥራት ለማንም የተፈቀደ ነው፤ በኋላ የተሻሻሉ ቅመሞች ግን የራሳቸው ፓተንት ሊኖራቸው ይችላል። ፈሳሹ የሚሸጥበት «ሎክታይት» የሚለው ስም ግን የንግድ ምልክት ነው። በ1997 ኩባንያውን የገዛው ሄንከል እያሳደሰ እስከተጠቀመበት ድረስ ይቆያል፤ በሌላ ጠርሙስ ላይ ይህን ስም መለጠፍ ሕገ ወጥ ነው። ስምም ቢሆን ሊጠፋ ይችላል፤ በአሜሪካ በ1921 ፍርድ ቤት «አስፕሪን» በሕዝቡ አፍ የመድኃኒቱ መጠሪያ ሆኗል ብሎ ባየርን ብቸኛ መብቱን አሳጥቶታል፤ በካናዳ ግን እስከ ዛሬ የባየር ነው። ጋራዦቻችን ማንኛውንም የብሎን ማሰሪያ ፈሳሽ «ሎክታይት» ሲሉት የስሙ ባለቤት ደስ የሚለው አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ በቨርጂኒያ እኖራለሁ። እንዶድን አሜሪካኖች ፓተንት አድርገውብናል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ በከፊል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በዓድዋ፣ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ በታች ባለው ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ፤ ከዚያም ተክሉ የቢልሃርዝያ ጥገኛ ተሕዋስያንን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን እንደሚገድል በምርምር አሳዩ። በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀብለዋል። በ1990ዎቹ በአሜሪካ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ያገኘው ፓተንት፣ የእንዶድ ጭማቂ በታላላቆቹ ሐይቆች የውኃ ቧንቧዎችን የሚደፍን አንድ ወራሪ ዛጎል ለበስ እንስሳን ለመግደል የሚውልበትን ዘዴ ይመለከት ነበር። ተክሉንም ሆነ በእንዶድ ልብስ ማጠብን አልያዘም፤ ዘመኑም አልፏል። ቅሬታው ግን መሠረት የለውም ማለት አይደለም፤ እንዶድ እንደሚያጥብ ለዘመናት ያወቁት እናቶች በማንኛውም የፓተንት ሰነድ የመብት ተካፋይ የሚሆኑበት መንገድ አልነበረም።

ጥያቄ፦ በሐዋሳ ጓደኛሞች ሆነን የወደቀ ጀሪካንና ላስቲክ አቅልጠን፣ ከአሸዋ ጋር ቀላቅለን የወለል ንጣፍ እንሠራለን። ሌላ ሰው እንዳይሰርቀን ቅልቅላችንን ፓተንት ማስደረግ እንችላለን?

መልስ፦ ፕላስቲክን ከአሸዋ ጋር አቅልጦ ንጣፍ መሥራት በብዙ አገሮች የሚታወቅ ስለሆነ፣ ሐሳቡ ብቻውን አዲስ አይባልም። የኢትዮጵያ የፓተንት ሕግ የሆነው አዋጅ ቁጥር 123/1987 ለፓተንት አዲስነትን፣ የፈጠራ ብቃትንና በኢንዱስትሪ ተግባራዊ መሆንን ይጠይቃል፤ አዲስነቱም የሚመዘነው በዓለም የትም ቦታ ከተገለጸው ጋር ነው። ስለዚህ ከሌላው የሚለያችሁን ፈልጉ። ለምሳሌ በፀሐይ እንዳይሰነጠቅ የምትጨምሩት ነገር፣ ወይም ጥንካሬው በድንገት ከፍ የሚልበት የአሸዋ መጠን ካለ፣ ያለ እርሱ ከተሠራው ንጣፍ ጋር በላቦራቶሪ አስፈትሻችሁ ቁጥሩን ያዙ። የመብት ወሰን ስትጽፉም መጠኑን በጣም ካጠበባችሁ ተፎካካሪያችሁ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ያመልጣል፤ በጣም ካሰፋችሁት ቀድሞ የታወቀውን ስለሚነካ ይወድቃል።

የፓተንት ዘመን በአዋጁ 15 ዓመት ሲሆን፣ ፈጠራው በኢትዮጵያ ሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ 5 ዓመት ይጨመራል። ለአነስተኛ ፈጠራ የሚሰጠው የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬት የፈጠራ ብቃትን ስለማይጠይቅ ለእናንተ የሚቀርበው ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ ለ5 ዓመት ይሰጥና ለሌላ 5 ዓመት ሊታደስ ይችላል። የውጭ አገር ፓተንት ያለውንና በኢትዮጵያ ያልተመዘገበን ቴክኖሎጂ አምጥቶ ለሚሠራም እስከ 10 ዓመት የሚቆይ የአስገቢ ፓተንት አለ፤ ይህ ግን የራስ ፈጠራ ላለው ሰው አይደለም።

ሌላው አማራጭ ምስጢር አድርጎ መያዝ ነው፤ ፓተንት ጥበቃ የሚሰጠው አሠራሩን ሙሉ በሙሉ ከጻፋችሁ ብቻ ነውና። ንጣፉን የገዛ ሰው በላቦራቶሪ መርምሮ የጨመራችሁትን ማወቅ ከቻለ፣ ምስጢሩ ብዙ ስለማይቆይ ብታመለክቱ ይሻላል። ብልሃቱ ያለው በማሞቂያው ሙቀትና ቆይታ ላይ ከሆነ ግን ከምርቱ አይነበብም፤ በሠራተኞቻችሁ የሥራ ውል ውስጥ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ ማስገባት ሊበቃችሁ ይችላል። ሁለቱን አዳብሎ፣ ቅልቅሉን አስመዝግቦ የማሽኑን አሠራር መደበቅ ይቻላል፤ የተመዘገበውን ቅልቅል ማንም ባለሙያ እንዲሠራው የሚያስፈልገው ነገር ግን ከሰነዱ ሊጎድል አይገባም። የትኛውንም ብትመርጡ፣ ለኢትዮጵያ የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማመልከቻችሁን ሳታስገቡ ቅልቅሉን በባዛር ወይም በቴሌቪዥን አታብራሩ፤ ንጣፉን ማሳየት ካስፈለገም ስለ ዋጋውና ስለ ጥንካሬው ብቻ ተናገሩ።