በካውያው ውስጥ ያገኘኸው ማይካ ነው

ሰላም ወንድሜ። ኮምቦልቻ ላይ ካውያ ስትፈታ ሽቦው የተጠመጠመበት ስስ ነገር አግኝተህ «ፕላስቲክ ነው መስታወት? ለምን አይቃጠልም? ቦርከና ወንዝ ዳርስ ይገኛል ወይ?» ብለሃል። ሁለቱም አይደለም፣ ማይካ የሚባል ማዕድን ነው።

ንብርብሮቹን የሚያያይዛቸው የፖታሲየም ትስስር ደካማ ስለሆነ እንደ ሽንኩርት ቅርፊት በጥፍር ይገፈፋል። ብታጥፈው ተመልሶ ይቃናል። ሙቀት ይችላል፣ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ሁለቱን አንድ ላይ መያዙ ነው ዋጋው። ነጣ ያለው ሙስኮቫይት እስከ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቋቋማል፤ ቡናማው ፍሎጎፓይት ከዚያም በላይ ስለሚችል እኔ ለካውያ እሱን እመርጣለሁ። ጥቁሩ ባዮታይት ብረት ስላለበት ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሊቲየም ያለበት ሐምራዊ ዓይነትም አለ፣ ሌፒዶላይት ይባላል። የተፈጨው ማይካ ደግሞ ቀለምና የከንፈር ቀለም ውስጥ የሚያብለጨልጨው ነው።

አደራህን፣ ከተሰነጠቀ በፕላስቲክ ወይም በካርቶን አትተካው! ሽቦው የካውያውን ብረት ከነካ የሚተኩሰውን ሰው ኤሌክትሪክ ይይዘዋል። በልኩ የተቆረጠ ማይካ አስገባ፣ ከዚያ ሳትሰካው ሽቦው ብረቱን አለመንካቱን በቴስተር ለካ።

ቦርከና ዳር ግን አትድከም። የደሴና የኮምቦልቻ ድንጋይ በአብዛኛው ከእሳተ ገሞራ የወጣ ባዛልት ነው። ሰፋፊ የማይካ ቅጠል የሚያድገው ፔግማታይት በሚባል ዓለት ውስጥ ነው፤ በአገራችን ጉጂ ውስጥ ቀንጢቻ ላይ እንዳለው ዓይነት።

ስትቆርጠው አፍና አፍንጫህን ሸፍን፣ ብናኙ ለሳንባ ጥሩ አይደለም።